ዋግ የመሰለን ዘር

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ደረቅ፣ ትንሽ፣ ከሰው ፊት የማያሳፍር ሳል። በዚያን ጊዜ ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር፤ አንሶላ ሳጥፍ ይጀምረኛል፣ አረፍ ስል ይተወኛል። የሳሙናው ሽታ ነው አልኩ። እናቴ ብርድ ነው አለች። ዓቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር ቀሚሴ ሲሰፋኝም ማንም አልደነገጠም። በእኛ ቤት በጾም መክሳት ደግ ነገር ነው፤ ጎረቤቶች እንዲያውም «ጾሙ አምሮብሻል» ይሉኝ ነበር። እኔም ደስ እያለኝ መቀነቴን አጠበቅሁ።

ፋሲካ መጣ። ወጡ ቀረበ። መዋጥ አቃተኝ። ሌሊት ላብ ያሰምጠኝ ጀመር። አንድ ጠዋት ነጭ ፎጣ ላይ ሳልኩ። ደም ነበረበት።

የአክታ ምርመራ ተደረገልኝ፤ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቃል አያባክንም። «የሳንባ ቲቢ ነው» አለኝ። «ይድናል። መድኃኒቱን ግን ስድስት ወር ሳታቋርጪ ትወስጃለሽ። የምትተኚበት ክፍል መስኮት ሁልጊዜ ይከፈት።» ራጁን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አሳየኝ። በቀኝ ሳንባዬ አናት ላይ ነጭ ነገር ተቀምጧል። እኔ ግን የማስበው ስለ ልጄ ነበር። ቃልኪዳን አራት ዓመቷ ነው። እቅፌ ውስጥ ነው የምትተኛው።

ቃልኪዳን ተመረመረች። በሽታው የለባትም፤ መከላከያ መድኃኒት ተሰጣት። ኩልመስክ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ መጥታ ወሰደቻት። አልሳምኳትም። አፌንና አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ በሩ ላይ ቆምኩ። ቃልኪዳን የድብብቆሽ ጨዋታ መሰላት። እሷም ፊቷን በእጇ ሸፈነችና ሳቀች። እንደዚያ እየሳቀች ባጃጁ ውስጥ ገባች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱ የጨከነብኝ ሆኖ ተሰማኝ። ያቅለሸልሸኛል፤ መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል። ሽንቴ ቀልቶ ሳየው ሞቴ የደረሰ መስሎኝ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። በየጠዋቱ ክኒኑን ከፊቷ የምታስውጠኝ ሲስተር «ከመድኃኒቱ፣ ከሪፋምፒሲኑ ነው፣ አብሽሪ» ብላ መለሰችኝ። በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ ቤት ውስጥ የመስኮት ጦርነት ነበር።

እናቴን ማወቅ አለባችሁ። ስንዴና ገብስ ስትዘራ ያደገች የላስታ ገበሬ ናት፤ ጠላቷ አንድ ነው፣ እሱም ብርድ። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው ካለ ትሟገታለች። እኔ እከፍታለሁ፣ እሷ ትዘጋለች። «ብርድ በገባበት ሳንባ ላይ ሌላ ብርድ ልጨምርበት?» ትላለች። ሌላ ክፍል ተኚ ስላት ደግሞ «ታማ የተኛች ልጄን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ብላ ፍራሿን ከአልጋዬ ሥር ታነጥፋለች። እኔ በተዘጋ ቤት እስላለሁ፤ እሷ ያንኑ አየር ትስባለች። ከራሴ ሳንባ የበለጠ የእሷ አስፈራኝ።

መስኮቱን ያስከፈተልን ቅጠል ነው። እናቴ ልትጸልይልኝ አሸተን ማርያም ገዳም ስትወጣ፣ እዚያ የሚኖሩት መነኩሴ ወንድሟ አባ ተክሌ ከገደል ጥላ ሥር የነቀሉትን ተክል በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት። ሆቴሎቹ ግቢ የሚተክሉት ሰዎች ፈርን ይሉታል፤ እኛ ቤት የገደል ቅጠል ነው። «በበጋ አይደርቅም፣ በውርጭ አይረግፍም። ለልጅቱ አጠገቧ ይሁንላት» አሏት። «ፀሐይ ፊት ለፊት አትስጪው እንጂ ሌላውን ይችላል። ታፍኖ ግን አይኖርም፤ ነፋስ ይፈልጋል።» እናቴ የመነኩሴ ስጦታ ሊሞትባት ነው? ቅጠሉን መስኮቱ ሥር አስቀመጠችና መዝጊያውን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ለቅጠሉ ነው» አለችኝ ፊቷን አዙራ። ሐኪሙ በራጅ ያላሳመናትን ሴት አንድ እስር ቅጠል አሳመናት። እሷ ጋቢዋን ደርባ ተኛች፤ መስኮቱም ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም።

በእነዚያ ወራት አቅሜ የሚችለው ሥራ ቅጠሉን መንከባከብ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ አጥብቄ ያዝኩት። የዘይት ጀሪካን አጋማሹን ቆርጬ፣ ሥሩን በጋለ ሚስማር በሳሳሁት፤ ጠጠር አነጠፍኩበትና ከወይራ ዛፍ ሥር የመጣ የበሰበሰ ቅጠልና አሸዋ ቀላቅዬ ሞላሁት። ቅጠሎቹ የሚነሡበትን አናቱን አፈር አላለበስኩትም፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ውሃ መሃል አናቱ ላይ አፍስሼበት ሁለት ቅጠል ስለጠቆረብኝ፣ ከዚያ በኋላ ከዳር ከዳር፣ ያውም ጣቴን አፈሩ ውስጥ ነክሬ መድረቁን ካየሁ ብቻ ማጠጣት ተማርኩ። መነሣት ባቃተኝ ቀን ከተኛሁበት እጄን ዘርግቼ በብርጭቆ አጠጣው ነበር። ሐምሌ ሲገባ የጭጋጉ እርጥበት በመስኮቱ እየገባ ቅጠሉን ሲያርሰው አየዋለሁ፤ እኔም ቀስ በቀስ መብላት ጀመርኩ፣ ከአልጋዬ እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ መንገድ እየሄድኩ ሰላምታ መለዋወጥ ቻልኩ።

የአክታ ምርመራዬ ነጻ ሆነ። «አሁን ወደ ሰው አታስተላልፊም፣ ልጅሽን አምጫት» አለኝ ሐኪሙ። ወዲያው ለእኅቴ ደወልኩ።

«ራጅሽ ይጥራና» አለችኝ። «ምንም የለም ያሉሽ ዕለት ራሴ አመጣታለሁ። አትቀየሚኝ።»

ተቀየምኳት። ስልኩን ዘግቼ ግድግዳውን አየሁ።

ነሐሴ ላይ እናቴ ቅጠሉን አቧራ ልትጠርግለት ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ተደርድሯል። በጣቷ ነካችው፤ ቡናማ ዱቄት ጣቷ ላይ ቀረ። «ወይኔ! ዋግ!»

ስንዴ የዘራ ሰው ዋግን ያውቃል። ዛሬ አንድ ቅጠል ላይ ያዩት ዝገት ሳይቆይ ማሳውን ይጨርሰዋል። እናቴ ማጭዷን አመጣች። አንድም ሳታስቀር አጨደችው። አቃጠለችው። ጀሪካኑ ውስጥ ጉቶ ብቻ ቀረ። ለቅጠል የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ አለቀስኩ። ከእኔ የተጋባበት መሰለኝ።

አባ ተክሌ ለፍልሰታ በዓል ወርደው ሊጠይቁኝ ገቡ። ጉቶውን አዩና እናቴን ዞረው አዩ።

«አንቺ ሴት፣ ምን አርገሽው ነው?»

«ዋግ መቶት ነው አባ። ልጅቱንም እንዳይነካብኝ ብዬ…»

«ጀርባው ላይ ነው? ቡናማ?»

«አዎ አባ።»

አባ ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ዘሩን እኮ ነው የሸለትሽው! ይኼ ቅጠል አበባ የለው፣ ፍሬ የለው፤ ዘሩን በጀርባው ነው የሚያዝል። ገደሉ ላይ ያለው ሁሉ እንዲሁ ነው። በሉ አታልቅሱ፣ ሥሩ ደኅና ነው።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰብል ያየች ሴት ዘርና በሽታ መለየት አቃታት ብዬ ብዙ ቀን አሾፍኩባት። መስከረም ላይ ከጉቶው መሃል እንደ ሕፃን ጭብጥ የተጠቀለሉ አዳዲስ ቅጠሎች ብቅ አሉና ቀስ እያሉ ተፈቱ።

መድኃኒቱን ኅዳር ላይ ጨረስኩ። ራጅ ተነሣሁ። እናቴ አብራኝ ገባች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ያዘው። አየሁት። እዚያው ቦታ ነው። አንሷል። ግን አለ።

ወንበሩን ያዝኩ። ቃልኪዳን አትመጣም።

እናቴ ወደ ፊልሙ ቀረበችና «ዶክተር፣ ዋግ ነው ወይስ ዘር?» አለችው።

ሐኪሙ ግራ ተጋባ። እሷም ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ማጭዱ፣ ስለ አባ ሳቅ አንድ በአንድ ነገረችው። መነጽሩን አውልቆ እስክትጨርስ አዳመጣት። «ዋጉ ሄዷል እናቴ» አላት። «ይኼ ጠባሳ ነው፤ ቁስሉ የዳነበት ቦታ። እዚያው ሊቀመጥ ይችላል፣ ማንንም ግን አይነካም። ልጅዎ ድናለች።»

በማግስቱ እናቴ ፊልሙንና አንድ የገደል ቅጠል ይዛ ኩልመስክ ሄደች። የሆነውን ያወጋችኝ እሷ ናት። እኅቴ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንሥታ «ይኸው፣ አለ እኮ!» አለች። እናቴ ቅጠሉን አቀበለቻትና «ገልብጪው» አለቻት። እኅቴ ገልብጣ አየች። «ኧረ እማ፣ ዋግ!» ብላ ወረወረችው። ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋ እስኪወድቅ ሳቀች። ከዚያ ቁጭ ብላ ሁሉንም አስረዳቻት።

ቃልኪዳን ስትመጣ እኔ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆመች። አልሮጠችም። ቁመቷ ጨምሯል። የአክስቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ አፏንና አፍንጫዋን ሸፈነች፤ በዓይኗ ብቻ ታየኝ ጀመር። ለካ ያ ሁሉ ወር ጨዋታው እስኪያልቅ ስትጠብቅ ኖራለች። ሄጄ ነጠላውን ከፊቷ ገለጥኩና ሳምኳት።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ክኒን ጨብጣችሁ ለተቀመጣችሁ ነው። በጾም ከሳሁ ብላችሁ ሳላችሁን አትናቁ። ሻል ሲላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ እኔን የፈተነኝ ሕመሙ የጠናበት ጊዜ ሳይሆን የዳንኩ የመሰለኝ ጊዜ ነበር። ራጃችሁ ላይ የቀረውን ነገር ሐኪሙን ጠይቁት፣ ራሳችሁ አትፍረዱበት። እናንተ የምታስታምሙ ደግሞ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ መስኮቱን ክፈቱ። እናቴ ያን ሁሉ ወር አጠገቤ ተኝታ ስትመረመር ነጻ ሆና ተገኝታለች፤ ለዚህ አምላኬን፣ ሐኪሙን፣ ሲስተርን፣ አባን አመሰግናለሁ። ሳሌን «የሳሙናው ሽታ ነው» ያልኩትን እኔን ለሥራ መልሶ የተቀበለ ሆቴልም አለ፤ እሱንም አመሰግናለሁ።

እኅቴን ለማመስገን ግን ቃል አጠረኝ። ልጄን እንደ ልጇ ያሳደገችልኝ እሷ ናት፤ የፈራችውም ለቃልኪዳን ብላ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ የገደሉን ቅጠል ሥሩን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ወሰድኩላት። በኋላ ልጠይቃት ስሄድ የኩልመስክ ውርጭ ጆሮ ይቆርጣል፤ በየቤቱ ሁሉ መስኮቱ ጥርቅም ብሏል። የእኅቴ ብቻ ተከፍቷል።

«ለቅጠሉ ነው» አለችኝ፣ ገና ሳልጠይቃት።