ሲመሽ የሚያሳየው መነጽር

ዛሬ አስተማሪያችን ከክፍሉ ሁሉ የኔን ጽሑፍ መርጠው "አርብ በወላጆች ቀን አንቺ ታነቢያለሽ" አሉኝ! ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ እስካለው ቤታችን ድረስ እየሮጥኩ መጣሁና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሩቅ ማያ መነጽር አወረድኩት። የቆዳ ማንገቻው አሁንም የአጎቴን ላብና የጠመንጃ ዘይት ይሸታል። የጻፍኩት ስለሱ ነው።

መነጽሩ ሲገዛ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከደባርቅ ማዶ ባለው የእናቴ መንደር ነብር በግ ይፈጅ ጀመር፤ አዳኙ አጎቴ እንዲገድለው ፈቃድ ተሰጠው። ጎንደር መነጽር ሊገዛ ሲመጣ አብሬው ሄድኩ። ባለሱቁ ሁለት አወጡለት፤ አንዱ አዲስ፣ ርቀቱን በቁጥር የሚናገር፣ ሌላው አሮጌ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ። አጎቴ ዓይኑን ከአዲሱ ላይ መንቀል አቃተው።

"ሐጂ፣ ይሄን ይስጡኝ፤ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው።"

"በቀትርማ የኔም ዓይን ያያል" ብለው ሳቁ ባለሱቁ። "ነብርህ የሚወጣው ሲመሽ አይደል? ሲመሽ እይበትና ውሰድ።"

እያጉረመረመ ቆየ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደጃፉ ላይ ቆመን በየተራ ወደ ቤተ መንግሥቱ ግንብ ተመለከትን። በአዲሱ ሳይ ግንቡ ጠቆረብኝ፤ ቁጥሩ ብቻ ቀልቶ ይበራል። በአሮጌው ግን መስኮቱ ላይ ያረፈችው እርግብ አንገቷን ስታዞር ታየችኝ።

"ይሄ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"እርግብ ላድን መሰለሽ?" አለኝ አጎቴ። "ሸጋ! እንግዲያው አንቺው ትሸከሚዋለሽ።"

በማግስቱ ሲመሽ እናቴ መንደር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ከጎኑ በደረቴ የተኛሁት ለዚህ ነው። ብርዱ ጣቶቼን አደንዝዟቸዋል፤ የጓሳው ሣር በነፋሱ ይንሿሿል። ድንገት ከታች፣ ከበጎቹ በረት አጠገብ፣ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ዝንጉርጉር ጀርባ! አጎቴ ጠመንጃውን ደገነ። ትንፋሹ አይሰማም።

መነጽሩን ዓይኔ ላይ ለጠፍኩት። ጀርባው ጎበጥ ብሎ ወደ በረቱ እየተሳበ ነው። ከዚያ ከጠጉሩ ሥር እጅ ወጣ። ዱላ የጨበጠ የሰው እጅ።

"ደበሎ ነው! አጎቴ፣ ደበሎ የለበሰ ሰው ነው!"

አልተኮሰም። ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ሰውየው በጎቻቸው የተበሉባቸው የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ዝንጉርጉር የፍየል ቆዳ ደበሏቸውን ለብሰው፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ነብሩን ራሳቸው ሊጠብቁ ወጥተዋል። ጩኸቴን ሰምተው ቀና አሉ።

"ምነው? አያችሁት እንዴ?"

"አላየነውም፣ አያ" አለ አጎቴ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄን አልለቀቀም፤ መዳፉ በላብ ርሷል። "ልተኩስባቸው እንደነበር አንድ ቀን እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ" አለኝ። ያ ቀን ሳይመጣ ባለፈው ክረምት ሞተ። ሽማግሌው ያንኑ ደበሎ ለብሰው ለቅሶ መጡ። "ነብሬን ሳይገድልልኝ!" እያሉ ከሁላችንም በላይ አለቀሱ። እኔ መነጽሩን ታቅፌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

አርብ እናንተም ኑልኝ። ሽማግሌው እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ፤ ከፊት ያለው ወንበር የሳቸው ነው። አጎቴ ያልነገራቸውን ከኔ ይሰማሉ። እኔ ከመድረኩ መውረድ ስለማልችል፣ እጁ ከደበሎው ሥር የወጣበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው እጃቸውን ይያዝልኝ።