የእትዬ ዘነበች ኤሊ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፌዋለሁ። አንተ አንባቢዬ ግን ፊቴን ስለማታይ ልድፈር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በአሜሪካኗ አሌክሳንድሪያ፣ ወንዝ ዳር፣ ለተማሪዎች ስለ ባሕር ዳርቻ እንስሳት አስተምር ነበር። ዋና አልችልም፤ ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ ስለ ሸርጣን ስተነትን ግን ከባሕር የወጣሁ እመስል ነበር።

አንድ እሑድ፣ በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ ዘነበች ኤሊ በሳፋ ይዘው መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤያቸው ጋር ቼሳፒክ ባሕር ዳር ለሽርሽር ሄደው፣ አስፋልት ስታቋርጥ ነው ያነሷት። እንቁላል ይዛለች። የባሕሩ ጨውና የወንዙ ውሃ በሚቀላቀልበት ረግረግ የምትኖር፣ እዚያው አሸዋ ላይ የምትጥል ዘር ናት።

“ውይ እናቴን! በል ዛሬውኑ መልሳት፤ አደራ!” አሉኝ።

መንገዱ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ነው። የመኪናዬ ኤሲ ሞቷል፤ አስፐን ሂል ደግሞ ክርስትና ተጠርቻለሁ። እኔ ምን አደረግሁ? ከቤቴ ጀርባ ባለው ወራጅ ውሃ ለቀቅኋት። ጨው የሌለው፣ አሸዋ የሌለው፣ የሱፐርማርኬት ጋሪ የተገለበጠበት ውሃ ውስጥ! እኔ ነኝ የለቀቅኋት። እንደማይስማማት ከእኔ በላይ ማን ያውቅ ነበር? ከዚያ ሄጄ ክትፎዬን በላሁ፤ ጣፈጠኝም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ መጣፈጡ ነው።

በማግስቱ “ደረሰች?” ሲሉኝ፣ “ደርሳለች እትዬ፤ ዞር ብላ አይታኝ ነው የገባችው” አልኩ። አዎ ብቻ ብል ምን ነበረበት? እሳቸው ይህችን “ዞር ብላ” ጉባኤያቸው ፊት ምስክርነት አድርገው ተናገሯት። እኔስ መች ቀረሁ! “እንስሳ ካነሳችሁበት ቦታ መልሱ” እያልኩ፣ ራሴን ጀግና አድርጌ ለስንቱ ክፍል ተረክኋት። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም እጅ ነሳሁ።

በዓመቱ እትዬ “ቦታዋን አሳየኝ” አሉ። ቼሳፒክ ወሰድኳቸው፤ ጣቴም የሆነ ቦታ ጠቆመ። ከዚያ ወዲያ በየግንቦቱ መጨረሻ መሄድ ሆነ። ለኤሊዋ አንድ ቀን የረዘመብኝን መንገድ፣ ለውሸቴ ስድስት ዓመት ነዳሁት። በስድስተኛው፣ አንዲት ኤሊ ከውሃው ወጥታ አሸዋ መጫር ጀመረች። እትዬ ክንዴን ጨምድደው ያዙ።

“እሷ ናት?”

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ከዚያ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል?

“እሷ ናት” አልኩ።

አለቀሱ። “አንተንም እንደ እሷ ጌታ ቤትህ ያግባህ” ብለው መረቁኝ። እኔ ይሉኝታ ቢሱ “አሜን” አልኩ።

ዛሬ ጌይተርስበርግ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ አሁንም እየደወሉ “ዘንድሮስ ወጣች?” ይሉኛል። ይህን ወረቀት ይዤ ሄጄ ራሴ አነብላቸዋለሁ። አውቃቸዋለሁ፤ ስቀው ይምሩኛል። እኔ ግን ምሕረት አልለምንም፤ ልለምናት የሚገባኝ ኤሊ እዚያ ወራጅ ውሃ ውስጥ አሸዋ ስትፈልግ ቀርታለች። ያን ምርቃታቸውን ብቻ መልሰው ይውሰዱልኝ። የእኔ አልነበረም።