የቀንድ አውጣው ዜማ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ደሴ ቤቴ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ከልጄ ክፍል አንድ ዜማ ሰማሁ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ከሽንኩርቱ ይሁን ከዜማው እንጃ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ስገባ ሜሮን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ታያለች። ስልኩ ላይ አንድ ቀንድ አውጣ የመታጠቢያ ገንዳ በጀርባው ተሸክሞ በዝናብ ዳገት ይወጣል።

«ይሄ ቀንዶ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እማ! አንቺ ደግሞ ጌም ታውቂያለሽ?»

ኧረ አታስቂኝ! ልጆች እናቶቻቸው ከተወለዱ ጀምሮ እናት የነበሩ ነው የሚመስላቸው። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ ቀኑን ሙሉ ከልብስ ስፌት መኪና ጋር የምውል፣ ስለ ጃፓን ጌም ምን አውቄ! ግን አውቃለሁ። በዘመኑ መካነ ሰላም ውስጥ ስለ ቀንዶ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ዲያቆን ነው።

ዘጠነኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነበር። አባቴ የደብሩ መሪጌታ፣ የዜማ መምህር ነበሩ። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ከተማሪዎቹ ጎጆ ጎን ስለነበር ያደግኩት ድጓ እየሰማሁ ነው። ሴት ልጅ ነኝና ማንም አላስተማረኝም፤ ጆሮ ግን አይከለከልም። በዚያው ዓመት ጋሽ ሰይድ የሚባል ሰው ከሳዑዲ ተመልሶ መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ከፈተ። ጌም ቤት ስል አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ የሚወዛወዝ አግዳሚ ወንበር ነው። ሚስቱ ሀዋ በሩ ላይ ፓስቲ ትጠብስ ነበር። እኔ በፓስቲው አመካኝቼ ገባሁ፣ በቀንድ አውጣው ሳቢያ እዚያው ቀረሁ።

የከተማው ወንዶች ሁሉ የሚጫወቱት ኳስ ነው። ከማጫወቻው ጋር አብረው የመጡትን ሦስት ሲዲዎች ግን የሚነካቸው አልነበረም። ጽሑፋቸው ሁሉ በጃፓንኛ፣ ሽፋናቸው ላይ የሚስቅ ቀንድ አውጣ። ስሙን ማንበብ የሚችል ስለሌለ እኔ «ቀንዶ» አልኩት፤ በዚያው ጸና። ጋሽ ሰይድ «ወላሂ፣ ልጥላቸው ነበር። ከፈለግሽ ወንዶቹ በሌሉበት ተጫወችባቸው» አለኝ። ወንዶቹ ደግሞ በክረምት ቀን ቀን እርሻ ላይ ናቸው።

እንዲህ ያለ ጨዋታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። መግደል የለም፣ መሮጥ የለም። ቀንዶ የሰው ዕቃ ተሸክሞ ከመንደር መንደር ያደርሳል። ዕቃ ሲባል ታዲያ ዕቃ እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ የቤቱን በር ያሸክመዋል፣ አንዷ በገመድ የታሰረ ደመና። ዝናብ ሲመጣ ይፈጥናል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይለግማል። በጆይስቲኩ ካጣደፉት ቀንዱን ስቦ፣ ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ ያኮርፋል። ይቅርታ እስኪጠየቅ አይወጣም። እኔ እንደሱ አኩራፊ ስለነበርኩ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደድኩት።

ችግሩ መብራት ነው። በመካነ ሰላም ክረምት ነጎድጓድ ገና ሲያጉረመርም መብራት ይሄዳል። ቀንዶ ደግሞ የደረሰበትን የሚያስታውሰው በዜማ ነው። በየመንደሩ ዳር ኩሬ አለ፤ ኩሬው ውስጥ አንዲት እንቁራሪት ዋሽንት ትነፋለች። በሌላ ቀን ያንኑ ዜማ በጆይስቲኩ መልሰው ካላሰሟት ከመጀመሪያው መንደር መጀመር ነው። የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ማወቅ ደግሞ አይበቃም። የት ላይ እንደሚረዝም፣ የት ላይ እንደሚወርድ፣ የት ላይ እንደሚርገበገብ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ከመጀመሪያው መንደር አልወጣሁም።

አንድ ከሰዓት አባቴ እኔን እንዲጠራ ዲያቆን ልሳኑን ላኩት። ልሳኑ ከማሻ ወዲያ ካለ ገጠር ለትምህርት የመጣ፣ ረጅም፣ ዓይን አፋር ልጅ ነበር። ሰው ፊት አንድ ቃል ለመናገር ይጨነቃል፤ ሲያዜም ግን ሌላ ሰው ነው። ጋቢው በዝናብ በስብሶ በሩ ላይ ቆመና «የኔታ ይጠሩሻል» አለኝ። ወዲያው እንቁራሪቷ ነፋች። እኔ ልመልስላት ሞከርኩና ሳትኩ።

«እሱ ጋ እኮ ድፋት አለው» አለ ልሳኑ።

«ምን አለው?»

«ድምፁ ይወርዳል። አንቺ ቀጥ አድርገሽ ያዝሽው። ማብቂያው ላይ ደግሞ ርክርክ ነው።»

ድጓ ላልቀመሰ ሰው፦ የያሬድ ዜማ ሲጻፍ ከፊደሉ በላይ ትንንሽ ምልክቶች ይደረጉበታል። ድፋት ድምፁ ሲወርድ ነው፣ ርክርክ ሲርገበገብ፣ ሂደት ሲፈስ፣ ቁርጥ ሲቆም። ልሳኑ ምልክቶቹን በጣቱ አየር ላይ እየሳለ አስያዘኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ቀንዶ ቀንዱን አወጣ፣ እኔ ጮህኩ፣ ሀዋ ምን ሆነች ብላ ፓስቲዋን ጥላ ገባች። አባቴ ዘንድ የደረስነው በጣም ዘግይተን ነው።

ከዚያ ወዲያ ልሳኑ ከትምህርቱ መልስ ኪሱን በቆሎ ሞልቶ ይመጣል። ጆይስቲኩን አይነካም፤ አጠገቤ ቆሞ ዜማውን ይይዝና በማግስቱ ያስደግመኛል። ነሐሴ ሲገባ «ፍልሰታ ነው» ብሎ ቀረ፤ እኔም እንደ ቀንዶ አኮረፍኩ። ጾሙ ሲፈታ ተመለሰ። እንዴት እንደወደድነው ልነግራችሁ አልችልም። ገበያ መሃል አህያ ሲለግም «ቀንዱን ሳበ» እንላለን። የመንደሩን ሰው ሁሉ፣ እገሌ ለቀንዶ ምን ያሸክመው ነበር እያልን እንስቃለን። ልሳኑ ጭቃ ውስጥ ዳገት ሲወጣ «ዝናብ ይጨምር» ይል ነበር።

በመስከረም ሦስተኛው ሲዲ ላይ ደረስን። በዚህኛው ቀንዶ የሚሸከመው አንዲት አሮጊት ከነወንበሯ ነው፤ ከሥዕሉ እንደገባን፣ ከጋራው ማዶ ወዳለው ልጇ ቤት ሊያደርሳት። አሮጊቷ ካነሳናት ጀምሮ ተኝታለች፤ አንድም ቀን አልነቃችም። ታሳዝነኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን አባቴ ልሳኑን ጠርተው «የዘንድሮን ደመራ አንተ ትመራለህ። ካማረ ድጓ ለማስመስከር ትሄዳለህ» አሉት። ለዜማ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ያስመሰከረ መምህር ይሆናል፣ ወንበር ይዘረጋል። ልሳኑ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ለእናቱ ወደ ማሻ በሚሄድ ነጋዴ «ዘንድሮ አስመስክሬ እመጣለሁ፣ አብሽሪ» ብሎ ላከላቸው።

የደመራ ዋዜማ የመጨረሻው ጋራ ሥር ደረስን። እንቁራሪቷ ረጅሙን ዜማ ነፋች፤ እንደዚያ የሚያምር ከዚያ በፊት ነፍታ አታውቅም። ነፍታ እንደጨረሰች መብራት ሄደ።

«ያዝከው?» አልኩት በጨለማው ውስጥ።

«ይዤዋለሁ» አለ። የባቄላ እሸታችንን እየፈለፈልን እስከ ቤት ድረስ ሲያንጎራጉረው ሄደ።

ደመራው አደባባይ ላይ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ አደይ አበባው በደመራው ጫፍ ታስሯል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ወጥቷል። ልሳኑ መሃል ቆሞ መራ። ድምፁ እንዴት ያምር ነበር! አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ከዚያ ወረቡ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ሲደርስ፣ ድምፁ ወረደ፣ ወረደና በሌላ መንገድ ተነሳ። የእንቁራሪቷ ዜማ ነው።

የወረብ ሕግ ታውቃላችሁ፤ መሪ የመራውን ተመሪው ይቀበላል። ተማሪዎቹ ተቀበሉት። ከበሮው ተመታ፣ ጸናጽሉ ተንሿሿ፣ በቅዱሱ ቃል ላይ የቀንድ አውጣው ዜማ ተጭኖ አደባባዩን ሞላው። ሴቶች እልል አሉ። ጋሽ ሰይድ ከሕዝቡ መሃል «ያረቢ!» ብሎ አፉን ያዘ። ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ። ልሳኑ ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አባቴ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ፣ በራሳቸው ድምፅ ወረቡን ወደ ቦታው መለሱት። ደመራው ተለኮሰ።

በማግስቱ ከሰዓት አባቴ ልሳኑን ቤታችን ጠሩት። እኔም በሩ ላይ ቆምኩ።

«ያ ዜማ የማን ነው?» አሉት።

ልሳኑ መሬት መሬት እያየ «የቀንድ አውጣ ነው፣ የኔታ» አለ።

አባቴ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው አያውቁም። ወደ እኔ ዞሩ። «አንች ልጅ፣ ይሄን ሰው አሞታል እንዴ?»

ሁሉንም ዘከዘክኩት፤ ጌም ቤቱን፣ እንቁራሪቷን፣ አሮጊቷን። ሳልደበድብሽ ዝም በይ እስኪሉኝ ጠበቅኩ፤ አላሉም። «በል ድገመው» አሉት ልሳኑን። ደገመው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አንድ ቦታ ላይ «እስቲ እሱ ጋ መለስ በል» አሉት። መለሰ።

«ማን ደረሰው?»

«የጃፓን ሰው ነው አሉ።»

«ዜማውስ ዜማ ነው» አሉ አባቴ። «ግን ቦታውን ስቷል። ቦታ የማይለይ አፍ ደግሞ አይመራም። ዘንድሮ አትሄድም። ድጓውን ከዮሐንስ ጀምረህ ትቀጽላለህ።»

ዮሐንስ የድጓው መጀመሪያ ነው፤ እንደ አዲስ ተማሪ ሀ ብሎ መጀመር ማለት ነው። እንቁራሪቷም ዜማዋን ለሳተ ሰው ከዚህ የተለየ አታደርግም ነበር። ልሳኑ እጅ ነስቶ ወጣና ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እናቴን ምን ልበላት?» ይላል። ጋሽ ሰይድ ሰምቶ መጣና «አብሽር ዲያቆን፣ ዓመት ምን አላት» አለው፤ እሱም ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ልሳኑ ጌም ቤት ድርሽ አላለም። እኔ ብቻዬን ሞከርኩ፤ ርክርኩ ላይ ስደርስ ይጠፋኛል። በጥቅምት መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ማጫወቻው ተቃጠለ፤ አሮጊቷ ከነወንበሯ ጋራው ሥር ቀረች። ልሳኑ በዓመቱ ሄዶ አስመሰከረ፣ እናቱም እሰይ አሉ። እኔ ግን አባቴን ለብዙ ጊዜ ተቀይሜያቸው ኖርኩ። ለልሳኑ ብዬ ነው እል ነበር፤ ግማሹ ለአሮጊቷ ነው።

ይሄን ሁሉ ለሜሮን ነገርኳት። ልጄ ከአልጋዋ ዘላ ተነሳች። «እማ፣ አዲሱ ቀንዶ እኮ የድሮ ተጫዋቾችን ይቀበላል! የመጨረሻ ዜማሽን ካንጎራጎርሽለት ካቆምሽበት ያስጀምርሻል፤ ስልኩ ይሰማል።» አንጎራጎርኩለት። ቀንዱን ስቦ አኮረፈ። ደገምኩ፤ ጭራሽ ገባ።

ለልሳኑ ደወልኩ። ዛሬ እሱ በአባቴ ቦታ የደብሩ መሪጌታ ነው። አባቴ ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል።

«መሪጌታ፣ ያችን የቀንድ አውጣ ዜማ ረስተሃታል?»

«ቅዳሜ መሆኑን አውቀሽ ነው የደወልሽው?» አለኝ።

«ቅዳሜ ምን ሆነ?»

«በዚያ በቀረሁበት ዓመት የኔታ ጠርተውኝ ‹የገባ ዜማ በግድ አይወጣም፤ ቦታ ካጣ ያልቦታው ይሾልካል። ቦታ እንስጠው› አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ወይራው ሥር። ‹በል ያችን ቀንድ አውጣ› ይሉኛል፣ አዜምላቸዋለሁ። አስመስክሬ ከተመለስኩም በኋላ አልተውነውም። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እጃቸውን ይዤ አወጣቸው ነበር፣ እስኪያርፉ ድረስ።»

«ለእኔ ሳይነግሩኝ?» አልኩት።

«‹ለዚያች ልጅ እንዳትነግር፤ ካወቀች አታስቀምጠኝም› ብለዋል።»

አዚምልኝ አልኩት። «ቆይ፣ ከቅጥሩ ልውጣ» አለ። የእርምጃውን ድምፅ፣ የበሩን ሲጥታ ሰማሁ። ሜሮን ሁለቱን ስልኮች አጠጋጋቻቸው። አዜመው፤ ድፋቱንም፣ ርክርኩንም፣ ቁርጡንም። ቀንዶ አንድ ቀንዱን አወጣ፣ ሁለተኛውን አወጣ። ጋራው መጣ፣ ዝናቡ መጣ፣ አሮጊቷ ወንበሯ ላይ እንደተኛች መጣች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«ምን አለች?» አልኩ።

ሜሮን ከእንግሊዝኛው እየተረጎመች አነበበችልኝ። «‹ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ነበር መሰለኝ። ደረስን እንዴ?› ትላለች።»

ሳቅኩም አለቀስኩም። «ምን አለች?» ይላል ልሳኑም ከዚያኛው ስልክ። ነገርኩት። «ገና ነን በያት» አለ።

አባቴ የከለከሉን ይመስለኝ ነበር። ለካ ከእኔ የተሰወረ ቦታ ሰጥተውት፣ እኔ እያኮረፍኩ እሳቸው ሲጠብቁልን ኖረዋል። ሜሮን ዳገቱን አሁኑኑ ልትጨርሰው ስትል ስልኩን ከእጇ ወሰድኩት።

«አይሆንም» አልኳት። «የሚመጣው ቅዳሜ፣ መሪጌታ ከቅጥሩ ሲወጣ።»

«አሮጊቷስ? እስከዚያ ትጠብቅ?»

«ትተኛ» አልኳት። «ሰው አብሯት አለ።»