ለተማሪዎቹ ያልተነገረው ሞት

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ካረፉ አርባ ቀናቸው ነው። ሐዘኔን ቁጣ ስለቀደመው እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጋሼ ከእንግሊዝኛ መምህርነት በጡረታ ከተሰናበቱ ጀምሮ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጠው የካዛንቺስ ሆቴሎችን ዘበኞችና የጽዳት ሠራተኞች ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱ የሚጀምረው ከተማሪው ሥራ ነው፤ ዘበኛው አንድ ሲሆን «ጋርድ»፣ ሲበዛ «ጋርድስ»፤ ቀጥሎም የዘበኛው ዩኒፎርም፣ የዘበኞቹ ክፍል እንዴት እንደሚባል።

«ጋሼ፣ አንዲት ‹ስ› ለመጨመር ይህን ያህል እሑድ?» ብዬ ስቀልድባቸው፣ «አንተ ተማሪዎችህን ለቅስና አዘጋጅ፤ እኔ የእኔዎቹን ለተሻለ ሥራ የቅጥር ፈተና ላዘጋጅ» ይሉኝ ነበር።

ባረፉ ዕለት የዕድራችን ሰዎች መርዶው ለማን እንደሚነገር ሲመክሩ፣ ተማሪዎቹም ይጠሩ አልኩ። አንደኛው፣ «የኔታ፣ ለዘበኛ ሁሉ ስንናገር ሊመሽብን ነው እኮ!» አለኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ደጃቸውን ያልረገጡ ባለሥልጣን ዘመዶች ግን በስልክ ታድነው ተጠሩ!

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ አራት ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው አጥሩ ሥር ቆመዋል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ «የኔታ፣ ጋሼ ዛሬ ምነው ዘገዩ? አሟቸው እንዴ?» አለችኝ።

ነገርኳቸው። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከመካከላቸው አንዱ ዘበኛ ግን፣ «ቢነገረን እኮ አስከሬናቸውን እንሸከም ነበር» አለ።

ዕድርተኛውን የተቆጣሁትን ያህል ራሴን ተቆጣሁ። ከቤቴ እስከ ሆቴሎቹ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም ነበርና።