የሰኔው ደመራ ባለቤት፣ ጋሽ ታምሩ

የመካኒሳው አናጢ ጋሽ ታምሩ ባለፈው ግንቦት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ጥቂት ቀን ታመው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ፣ የጀመሩትን የቁም ሣጥን በር ብቻ ሳይገጥሙ ዐረፉ። ቁም ሣጥኑን ያዘዙት ሰው ለቅሶ መጥተው በር በሩን እያዩ ሲያለቅሱ፣ ለማን እንደሚያለቅሱ መለየት አቅቶን ነበር። ጋሼ ቢያዩ ይስቁ ነበር።

እኔ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ነኝ። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ከመጣሁ ጀምሮ እሳቸው ቤት ነው የኖርሁት። ድንኳን ውስጥ «አንቺ አብረሻቸው የኖርሽ፣ እስቲ ተናገሪ» ስባል ትሪ አንሥቼ ወጣሁ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ለምታውቋቸው ሁሉ በጽሑፍ እነግራችኋለሁ።

ጋሼ ሥራቸውን ያከብሩ ነበር። ደንበኛ «ወንበሩ ይነቃነቃል» ብሎ ቢመጣ፣ «ወንበሩ ደህና ነው፤ የሚነቃነቀው ወለልህ ነው» ይሉትና መሣሪያቸውን ይዘው ቤቱ ድረስ ሄደው ወለሉን አስተካክለው ይመለሳሉ። ያውም በነጻ። ጎፋ ላሉ አንዲት አሮጊት ምርኩዝ፣ ለጎረቤት ልጆች የማጥኛ ጠረጴዛ ሠርተው ሲሰጡ «ትርፍ እንጨት ነው» ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ «ይሄ ትርፍ እንጨት መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲሉ ደግሞ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ የሆነውን ነው። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ፤ ያያችሁት ግን ግማሹን ነው።

ስዊድን የምትኖረው ልጃቸው ሳባ ከባሏ ከላርስና ከስድስት ዓመት ልጃቸው ከሊና ጋር መጣች። ጋሼ የልጅ ልጃቸውን በአካል ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ሊና ግን ፈራቻቸው። ጢማቸው ይሁን ድምፃቸው እንጃ፣ ገና ሲጠጓት እናቷ ጀርባ ትደበቃለች። የሚቆዩት ሁለት ሳምንት ነበር፤ አንዱ ሳምንት እንዲሁ አለቀ። ጋሼ ሥራ ቤታቸው ገብተው የለሰለሰ እንጨት ደግመው ሲልጉ ዋሉ።

አንድ ቀን ሊና ስታለቅስ ሳባን ጠየቋት።

«ምን ሆነች?»

«አገሯ በዓል አለ አባዬ፤ የበጋ አጋማሽ በዓል። ዘመድ ሁሉ ያኛው አያቷ ጋ ይሰበሰባል። ዘንድሮ ሊያመልጠኝ ነው ብላ ነው።»

«ያኛው አያቷ ምን ያደርጉላታል?»

«ረጅም እንጨት በቅጠልና በአበባ አልብሰው ያቆማሉ። ሰው እየዞረው ይጨፍራል።»

ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እንጨት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ እንጨት።»

«እንጨት ከሆነማ ሰውዬው የገጠመው ከእኔ ጋር ነው።»

በማግስቱ ረጅም ባሕር ዛፍ ተልጦ ግቢ ገባ። ላርስ በወረቀት ሥሎ አሳያቸው፤ ከላይ አግድም እንጨት፣ ከግራና ከቀኝ የተንጠለጠለ የአበባ ቀለበት። ጋሼ አየት አድርገው «ይሄ ንፋስ አይችልም» ብለው አሻሻሉት። እትዬ አስካለ ደግሞ የምግቡን ነገር ሲሰሙ ደነገጡ።

«ቀኑ መቼ ነው?»

«ዓርብ» አለች ሳባ።

«የሚበላውስ?»

«ዓሣ፣ ድንች፣ እንጆሪ በክሬም።»

«በሰኔ ጾም? በዓርብ? ልጄ፣ ይሄ በዓል ነው ወይስ ፈተና?»

በመጨረሻ ድንቹንና እንጆሪውን ብቻ ተቀበሉ፤ ክሬሙ ለሕፃናት ተፈቀደ። ሌላም ሥርዓት ነበረው። ያላገባች ልጅ ሰባት ዓይነት አበባ ቃል ሳትተነፍስ ለቅማ ትራሷ ሥር ካደረገችው፣ የወደፊት ባሏን በሕልሟ ታያለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ዝም ማለት ከሆነማ ለእሷ ምኗ ነው!» አሉ እትዬ አስካለ።

ዓርብ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ላርስ አዝኖ፣ አገሩ በዚያ ቀን ፀሐይ አልጠልቅ እንደምትል በሳባ በኩል ነገራቸው። ጋሼም «እዚያ አትጠልቅም፣ እዚህ ደግሞ አትወጣም፤ ያው እኩል ነን» ብለው አጽናኑት። እንግዳ እንዳያዳልጠው በጭቃው ላይ፣ እስከ እንጨቱ ሥር ድረስ፣ ደረቅ ሰጋቱራ በማዳበሪያ እያመጣን ደለደልን።

የዕድሩ ሰው ሁሉ ተጠርቶ ነበር። በየዓመቱ የሰፈራችንን ደመራ የሚለኩሱት የዕድር ዳኛው ጋሽ ባዩ ጃንጥላ ዘርግተው፣ በብብታቸው ችቦ ይዘው መጡ። አጥሩ ሥር አበባ እየለቀምሁ ሳለ ከኋላቸው ያለው ሰው ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

«ጋሽ ባዩ፣ በሰኔ ምን ደመራ አለ?»

«የፈረንጅ ዘመን ከእኛ ቀድሞ የለም እንዴ? መስቀሉም ቀድሞባቸው ነው።»

ማስረዳት ነበረብኝ። ነገር ግን አምስተኛውን አበባ ይዣለሁ፤ ብናገር ባሌ ቀረ። እውነቱን ለመናገር አበባው ባይኖርም ዝም እል ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሌላ ደረቅ ሰጋቱራ ተደረበበትና ጭፈራው ተጀመረ። እንደ እንቁራሪት ቁጢጥ ብለው እየዘለሉ እንጨቱን መዞር ነው። ላርስና ሊና ጀመሩ። ዕድርተኛው ከነጃንጥላው ቆሞ ያያል፤ የተከተላቸው የለም። ሊና ሰዉን ቀና ብላ አየችና ቆመች።

ያን ጊዜ ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው የአበባ አክሊል ደፉ፤ ሱሪያቸውን ሰበሰቡና በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ቁጢጥ አሉ። «ነይ እንጂ፣ ብቻዬን አትተዪኝ!» ብለው ጠሩኝ። እኔ ሮጬ ኩሽና ገባሁ። በመስኮት ነው ያየኋቸው። አንድ ዙር ዘለሉ። ሁለተኛውን እያቃሰቱ ጨረሱ። በሦስተኛው ሰጋቱራው ላይ በአፍጢማቸው ተደፉ፤ ሲነሡ ጢማቸው ሁሉ ሰጋቱራ ሆኗል። ሊና ሳቀች። እሳቸው ጋ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው።

ጋሽ ባዩ ግን ዙር እየቆጠሩ ኖሯል። ደመራ ሦስቴ ከተዞረ በኋላ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። ችቦውን ለኮሱና ከሥሩ ጨመሩት። ሰጋቱራው ወዲያው ተያያዘ። እልልታው ቀለጠ። ላርስ ባልዲ ይዞ «አይ! አይ!» እያለ ሲሮጥ ጋሽ ባዩ ክንዱን ያዙት፤ «ተረጋጋ ልጄ፤ እኛም ደስ ብሎናል።»

ሥሩ ተበልቶ እንጨቱ ሰው ወደሌለበት የግቢው ጥግ ተገነደሰ። ሽማግሌዎቹ በየት በኩል ወደቀ፣ ለዓመቱ ምን ያሳያል ብለው ክርክር ያዙ። ሊና ግን በድንጋጤ ሮጣ የጋሼን እግር አቀፈች። የእናቷን አይደለም፤ የጋሼን።

ጋሼ ደርቀው ቀሩ። ዝናቡ እንደገና ወረደ። ሰዉ ሁሉ ወደ ቤት ገባ፤ ሊና ከጃኬታቸው ሥር ሆና የሚጨሰውን እንጨት ታያለች፤ እሳቸው አይንቀሳቀሱም።

«አንተ ሰውዬ፣ ግባ እንጂ! ትታመማለህ!» ሲሉ እትዬ አስካለ ከበር ላይ ጮኹ።

«ዝም በይ አስካለ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ዝናቡ በየዓመቱ አለ።»

ከተረፈው እንጨት ለሊና ትንሽ በርጩማ ሠሩላት፤ አንድ እግሩ ከላይ ጠቆር ያለ ነው። «ትርፍ እንጨት ነው» አሏት። ያን ጊዜ እውነታቸውን ነበር። አገሯ ስትመለስ ሊና ለዚያኛው አያቷ «የአንተ በዓል ጎዶሎ ነው፤ አታቃጥለውም» ብላ ነገረቻቸው። ጋሼ ይህን በስልክ ሲሰሙ ሥራ ዘግተው ዋሉ።

ዘንድሮ ሊና በሰኔ እንደምትመጣ ሲታወቅ እንጨቱን መርጠው ልጠው አዘጋጁት። ከመታመማቸው በፊት ጠሩኝና «ጉልበቴ እንቢ ብሏል፤ ከሊና ጋር የምትዘዪው አንቺ ነሽ» አሉኝ። እኔ አቀርቅሬ መሬት መሬቱን አየሁ። መልስ ሳልሰጣቸው ታመሙ፤ ሳልሰጣቸው ሄዱ።

እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን እንጨት አይተው «ተልጧል፤ ይቁም» ብለዋል። ጋሽ ባዩም ችቦውን ስንት ሰዓት ይዘው እንደሚመጡ ጠይቀዋል።

ጋሼ፣ ያን ጊዜ ኩሽና የገባሁት አፍሬ ነው፤ በእርስዎ ግን አልነበረም። መልሴ እሺ ነው። በዕድርተኛው ፊት ሦስት ዙር እዘላለሁ፤ ሊና ብቻዋን አትቆምም። በሦስተኛው ብደፋም እንኳ ሰጋቱራውን ወፍራም አድርጌ እደለድለዋለሁ። እርስዎ ጉልበትዎን ያሳርፉ።