ጥላ የወደደች መኪናዬ

ያን ቀን መኪናዬን ጥላ ሥር አቆምኳት። ጥላው የእሳት አደጋ መኪና ቦታ መሆኑን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እዚህ በሰው አገር፣ ከዌሪቢ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በጎመን እርሻዎች መሃል ባለች ትንሽ የእሳት አደጋ ጣቢያ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። በሰባ ሁለት ዓመቴ እሳት አላጠፋም፤ በር እከፍታለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ማንም ያልጠየቀኝን ምክር እሰጣለሁ። ትኩሱ የሰሜን ነፋስ ሲነሳ የኛ ትልቁ መኪና ጎረቤት ጣቢያ ሊረዳ ይወጣል። የኛ ቤት ባዶ እንዳይቀር ደግሞ ከወዲያ ያለው ሌላ ጣቢያ የራሱን መኪና ልኮ በኛ ቦታ ያስጠብቃል። አገር ቤት ወንፈል የምንለው ነው። ይህን ልማድ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የማስረዳው፣ አዎ፣ እኔው ነኝ።

ትልቁ መኪና እንደወጣ «ለአምስት ደቂቃ» ብዬ የኔዋን አስገባኋት። አሮጌ ናት፣ እንደኔ። በሯን ስዘጋው ተቆለፈ፤ ቁልፉ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ በመስታወቱ ያየኛል።

ወዲያው ስልክ ጮኸ። ከጣቢያችን አጠገብ ጎመን የምታለማው መበለት ናት፤ ከቤቷ ጀርባ ያለው ሣር ተያይዟል። ትንሿ መኪናችን ደጅ ቆማለች፣ የሚነዷት ሁለቱ ሰዎች ግን ማዶ ባለው መጋዘን ሺፍት ላይ ናቸው። ደወልኩ። ኃላፊያቸው «ከወጡ ነገ አይመለሱ» ብሎ ዘጋብኝ።

ያን ጊዜ የወንፈሉ መኪና ደረሰ። ሾፌሯ የኛ ሰው በበዛበት ዳንደኖንግ ሰፈር ያደገች ነርስ ናት፤ ቤቷ ኦሮምኛ ይነገራል፣ አማርኛውን ከሰፈር ለቅማዋለች።

«ጋሼ፣ ይቺ የማን ናት?»

«የኔ።»

«እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ፀሐይ በዝቶባት ነው።»

«እኛስ? ከእሳት ነው የመጣነው! ታንከራችን ባዶ ነው፣ የውሃው ቧንቧ ከኋላዋ ነው። ቁልፍ!»

በጣቴ ወንበሩን አሳየኋት።

«ዞር ይበሉ» አለችና መስታወቱን በመጥረቢያ ጀርባ አንድ ጊዜ አለችው። ሞተሯ እስኪነሳ ሳንጠብቅ ፍሬኗን ለቀን፣ ከሾፌሯ ጓዶች ጋር አራት ሆነን ገፋናት። እኔ የገፋሁት በአብዛኛው በአፌ ነው።

የመበለቷ ቤት ተረፈ። ለክረምቱ ያዘጋጀችው የችግኝ ቤት ግን መኪናዬን ገፍተን ታንከሩ እስኪሞላ ሙሉ በሙሉ ነደደ። ሴትዮዋ ሾፌሯን አቀፈቻት፤ ምንም ሳታውቅ እኔንም አቀፈችኝ። ያ እቅፍ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ሲያበቃ የመጋዘኑ ኃላፊ ብቅ አለ። ሊያመሰግን መሰለኝ። ጎማችሁ ግቢዬን በጭቃ አበላሸብኝ ይላል! እሳቱ ወደሱ አጥር እየሄደ ነበር እኮ! ያጠፉለት ከሩቅ የመጡ፣ የራሳቸውን ሥራ የተዉ ሰዎች ናቸው። የኛ ሁለቱ ከመጋዘኑ መስኮት ኋላ ቆመው፣ እጃቸው ካርቶን ላይ፣ ዓይናቸው ጭሱ ላይ። ቀጥሎ ያለው ቤት የናታቸው ቢሆንስ ኖሮ? በአማርኛ ሰደብኩት። በእንግሊዝኛ ብሰድበው ይገባው ነበር፤ ለዚያ ወኔ አጣሁ።

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እኔ መንገድ የዘጋሁት በሞኝነት ነው፣ እሱ አስቦበት ነው። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ችግኙ ግን ሞኝን ከክፉ ለይቶ አልነደደም።

ማምሻውን ሾፌሯ የተሰበረውን መስታወቴን በላስቲክ ሸፍና፣ የራሷን ፕላስተር እስኪያልቅ ለጠፈችበት። በሳምንቱ አዲስ ጥቅል ይዤ ጣቢያቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ወንፈል በፕላስተር ይመለሳል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። «እኛ የወጣን ቀን መጥተው የኛን በር ይጠብቃሉ። መኪናዎን ቤት ትተው!»

እስካሁን አልጠራችኝም። ነፋሱ ከሰሜን በተነሳ ቁጥር ጫማዬን አጥልቄ ስልኬ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ያ የአንድ ቀን ወንፈል አሁንም አለብኝ።