ዓርብ ቀን ጥብስ የከለከለው ፕሮግራም

ከናይል ዳር እስከ ጀበል ግርጌ፣ በመላው ጁባ ከእኔ የተሻለ ፕሮግራመር የለም። ይህን የምለው በትሕትና ነው፤ ትሕትናዬን ትቼ ብናገር ናይሮቢ እደርስ ነበር። ኪቦርድ ፊት ከተቀመጥኩ ጣቶቼ ከፍጥነት የተነሳ አይታዩም። ጣቶቼ ስል አንዷን ማለቴ ነው፤ የቀኝ እጄን ሌባ ጣት። የቀሩት አጃቢ ናቸው።

ትምህርቱን የጀመርኩት ፀጉሬ ወደ ኋላ ከሸሸ በኋላ ነው። ጀበል ገበያው አጠገብ ከባለቤቴ ጋር የሐበሻ ምግብ ቤት አለን። ወጥ ቤቱን የምታዘው እሷ ናት፤ እኔንም የምታዘኝ እሷ ናት፤ ጄኔሬተሩ ራሱ የሚነሳው እሷ ስትቆጣው ነው። ከሰዓት በኋላ አምልጬ ዩኒቨርሲቲ እሄድና ከሎሎጎና ከኮር ዊሊያም ሰፈሮች ከሚመጡ፣ ብወልዳቸው ከሚያምሩብኝ ወጣቶች ጋር ኮምፒውተር ሳይንስ እማር ነበር። "ያ አሙ" ይሉኝ ነበር፤ አጎቴ ማለታቸው ነው። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ፤ መምህር መስዬአቸው። እኔም በእጄ ምልክት "ተቀመጡ" አልኳቸውና ሄጄ ከኋላ ወንበር ተሸጎጥኩ።

እንዲህ እያልኩ የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ደረስኩ። የመጀመሪያ ሙከራዬ ፈታኞቹ ፊት አልከፈት ብሎ በክረምት ጭቃ ውስጥ እንደተተከለ ቦዳ ቦዳ ሞተር ቀረ። "አንድ ዕድል ብቻ ይሰጥሃል፤ በእሱም ከወደቅህ ዲግሪ የለም" ተባልኩ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ጥግ ወዳለው የሽንኩርት ጆንያ አገጯን ቀስራ፣

"ተማሪ ነኝ እያልክ ስንት ዓመት ሳትልጥ ኖርክ። ወድቀህ ና፤ ይጠብቅሃል" አለችኝ።

ፕሮጀክቴ የምግብ ማዘዣ ፕሮግራም ነበር። በእኛ ቤት አስተናጋጁ በወጥ ቤቱ መስኮት "አንድ ቅቅል! ሁለት ጥብስ!" እያለ ሲጮኽ ጀበል ኮረብታው ላይ ያሉ ዝንጀሮዎች ሳይቀሩ ምን እንደታዘዘ ያውቃሉ። እኔ ይህን ጩኸት በላፕቶፕ ልተካው ነው። መምህራችን ደጋግሞ ያስተማረን አንድ ነገር አለ፤ ፕሮግራም ከመጻፋችሁ በፊት የሚጠቀምበትን ሰው ጠይቁ፣ ያለውን ሥሩ። ስለዚህ ባለቤቴን ጠየቅኳት።

"ረቡዕና ዓርብ ከዚህ ወጥ ቤት ሥጋ አይወጣም። እሱን ይወቅልኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላውን እኔ አውቀዋለሁ።"

ጻፍኩት። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ያዘዘ ሁሉ፣ ደንበኛው መሬት ላይ ቢንከባለል እንኳ፣ ይከለከላል።

ፈተናው የዋለው ዓርብ ነበር። ጠዋት ሽሮ በልቼ ወጥቼ እንኳ ቀኑ ትዝ አላለኝም። ዋናው ፈታኝ ኢትዮጵያ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ሲሆን፣ አማርኛው ከእኔ ይጣፍጣል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ንክኪ ብርግድ አለ። እፎይ አልኩ።

"ኩዌስ! ጥሩ ነው!" አለ ደስ ብሎት ወንበሩን እያስጠጋ። "እስቲ ጋሼ፣ አንድ ጥብስ ይዘዙልኝ።"

በዝነኛዋ ጣቴ ጥብስን ነካሁ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ፦ "ዛሬ ጾም ነው። ሽሮ ይሁን?"

"ላሃም ማፊ?" አለ። ሥጋ የለም ወይ ማለቱ ነው።

"ማፊ" አልኩ፤ ላቤ ጫማዬ ውስጥ እየገባ።

"እኔ እኮ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ጋሼ።"

"ፕሮግራሙ ኦርቶዶክስ ነው፣ ዶክተር።"

ከኋላ የተቀመጡት የክፍሌ ልጆች በሳቅ ፈነዱ። እሱ ግን አልሳቀም።

"ይህን ክልከላ ማንሳት የሚችለው ማነው? የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ የት አለ?"

"በፕሮግራሙ ማንም አይችልም። በቤቱም ቢሆን እኔ አይደለሁም።"

እስክሪብቶውን አነሳ። የሽንኩርቱ ጆንያ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

"ስህተት ነው ወይስ ሆን ብለው የሠሩት?"

"ሆን ብዬ። ባለቤቴ ናት ያዘዘችኝ።"

"ይደውሉላትና ድምፁን ይክፈቱት።"

ደወልኩ። ባለቤቴ ሰላምታ የሚባል ነገር ሳይቀድማት፣ "ወደቅህ?" አለች።

"እትዬ፣ ፈታኙ ነኝ። ጥብስ አዝዤ ተከልክዬ ነው።"

"ውይ ልጄ፣ ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? ሽሮ ምን አደረገህ? ነገ ና፣ ጥብሱን በእጄ እሠራልሃለሁ።"

"እንዲከለክል ያዘዙት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኛ! እውነት ከለከለ?"

"ከለከለ።"

"ጎሽ! በዚህ ቤት አንድ የሚሰማኝ ተገኘ።"

አሁን ሳቀ፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ "ደንበኛዋ የጠየቀችውን ሠርቷል። የምንለፈልፈውን የሰማ አንድ ተማሪ ይሄ ነው" አላቸው። አለፍኩ! በማግስቱ መጥቶ ጥብሱን በላ፤ ደገመም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ እንዴት ያምርብኝ ነበር። ግን ሁዳዴ ማንም ሥጋ ሳያዝዝ አለፈና ፋሲካ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ሥጋ ይበላል። ይህን ባለቤቴ አልነገረችኝም፤ ማን የማያውቀውን ነገር ብላ ትነግረኛለች? እኔም አውቃለሁ። ፕሮግራሙ ግን አያውቅም። በመጀመሪያው ረቡዕ ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ የከረመ ሕዝብ ቤቱን ሞልቶ ጥብስ ሲያዝዝ፣ ስክሪኑ ቀይ እየሆነ ለሁሉም ሽሮ ይጋብዛል።

"አንተ ተመራቂ!" አለች ባለቤቴ በመስኮቱ። "ያንን ጿሚህን አስገድፈው!"

ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ፣ እሱን የሚያሰላ ኮድ ልጨምር ተቀመጥኩ። አንዱን መስመር ስነካ ሻይ ከዝርዝሩ ጠፋ። ሻይን ስመልስ ቅቅል የለስላሳ መጠጦች መሃል ተገኘ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምኑን የት እንደጻፍኩት ግን አላውቅም።

እናም እስከ ዛሬ፣ በእነዚያ ሃምሳ ቀናት ውስጥ ረቡዕ ወይም ዓርብ በጠባ ቁጥር፣ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት ዲግሪዬ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር እቀመጥና የላፕቶፑን ቀን ሐሙስ አደርገዋለሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ ነኝ፤ የገዛ ፕሮግራሜን ማስተካከል አልችልም።